አረንጓዴዋን ወፍ ፍለጋ፣ ከሰበታ በላይ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ላፍቶ

ፎቶ ቤት የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ደረጀ፣ አዲስ ፊልም የገባበትን ካሜራ በነጠላዬ ጠቅልሎ አስይዞኛል። ሁለት ጊዜ ሄዶ ያጣትን አረንጓዴ ወፍ ዛሬ ሊያነሳ ነው። ክንፏ ቀይ ሆኖ የሚታየው ስትበር ብቻ ነው አለኝ። በታክሲ አየር ጤና፣ ከዚያ ሰበታ።

ረፋድ፣ አቀበቱ ላይ

ድንጋይ የሚጭን መኪና ለምነን ተሳፈርን። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው። ሾፌሩ ሳቀብን።

«ለወፍ ይሄን ሁሉ መንገድ? ላፍቶ ዶሮ ጠፋ እንዴ?»

«ዶሮማ ቆማ ትነሳለች» አለ ደረጀ።

ጫካው መግቢያ ላይ ያገኘናቸው የደን ጠባቂ፣ ጋሽ ቱሉ ግን አልሳቁም። «ጉም ሳይወርድ ውጡ ልጆቼ። ትናንት ማታ ነብር ፍየል ወስዷል።»

ካሜራውን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

ጫካው ውስጥ

ጥዱ ሰማዩን ዘግቶታል። ከቁልቁለቱ በኩል፣ ከዛፍ አናት የሚያጉረመርም ድምፅ መጣ። ደረጀ ካሜራውን ተቀበለኝ።

«እሷ ናት! እዚሁ ተቀመጪ። ድምፅ ከሰማች ትሄዳለች፤ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ቁልቁል ገባ። ብዙም ሳይቆይ ጉሙ ወረደ። የገዛ እግሬ አይታየኝም። ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ከጀርባዬ ቅርንጫፍ ተሰበረ። መዞር ፈራሁ። ብጮህ ወፏ ታመልጠዋለች፤ ባልጮህ ወንድሜ ጠፍቶ ቢቀርብኝስ? ዕድሜዬን ሙሉ ጮክ ብዬ ሰው ጠርቼ አላውቅም።

«ጋሽዬ!» ብዬ ወንድሜን ጠራሁ።

ከራሴ በላይ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ፤ ቀይ ክንፍ አየሁ፣ ጉሙ ዋጠው። ከዚያ ከታች የወንድሜ ድምፅ መጣ።

«ገደል አፋፍ ላይ ነኝ! መውጫው አይታየኝም! አታቋርጪ፣ በድምፅሽ ልምጣ!»

ጮህኩ። ነብሩም እየሰማኝ ይሆናል እያልኩ ጮህኩ። ጉሮሮዬ ሲደርቅ ምራቄን እየዋጥኩ ጮህኩ። በመጨረሻ ጭቃ ለብሶ፣ ቁጥቋጦ እየጨበጠ፣ እየዳኸ ወጣ። ካሜራው አንገቱ ላይ ነው። አልተቆጣኝም።

ሲመሽ፣ ላፍቶ

ገደሉ ላይ ሲንሸራተት የተጠማዘዘው እግሩ ስላበጠ ጋሽ ቱሉ በበቅሏቸው እስከ አስፋልቱ አደረሱት። ታክሲ ውስጥ ጎማ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። ደጃችን ስንደርስ ካሜራውን አውልቆ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ።

«የሚመጣው ቅዳሜ አንቺ ታነሻለሽ፤ መጮሁን ለእኔ ተይው።»