ቁልፉ ደራ የሄደ ለት

ከቡልቡላ ተይዤ አዳማ የገባሁት ጌታዬ ከቤተ መንግሥት ሰዎች ጋር በተጣሉ ሰሞን ነው። ጸሐፊያቸው ነበርኩና እኔም አልቀረልኝም። የታሰርኩበት ቤት የግብር ማር ማከማቻ ነበር፤ ጋኖቹ ባዶ ቢሆኑም ንብ ከደጃፉ አይጠፋም። ቀኝ እጄን ከዘበኛዬ ግራ እጅ ጋር በሰንሰለት ቆራኙት። የአርሲ ሰው ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል። ስንተኛም፣ ሜዳ ስንወጣም አንድ ላይ ነን። ልጠላው ሞክሬ ነበር፤ እንደዚያ ተጠግቶ መጥላት ግን ያደክማል።

አንድ ጧት ንብ አንገቱን ነደፈችው።

«አምና አዳሚ ቱሉ ነድፋኝ ፊቴ አብጦ ነበር» አለና ሳቀ።

ወዲያው መዳፉን ያክ ጀመር። ገላው ሁሉ ሽፍ አለ፤ ከንፈሩ አበጠ፤ ትንፋሹ ያፏጭ ጀመር።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አልኩ።

«ጉሮሮዬን... ረቢ ጅራ» አለኝ። እግዜር አለ ማለቱ ነው።

ሌሎቹ ዘበኞች እየሮጡ መጡ። መርዙን ያወጣዋል ብለው የቀለጠ ቅቤ አመጡ፤ አስተኝተው ሊያጠጡት ነው። ምራቁን እንኳ መዋጥ ያቃተውን ሰው! ዋንጫውን በግራ እጄ ገፋሁት፤ ቅቤው ፈሰሰ።

«ሊገድለውና ሊያመልጥ ነው!» አለ አንደኛው። በሰደፍ ትከሻዬን መታኝ።

«ወዴት ነው የማመልጠው? ይልቅ ፍቱንና ባቡር ጣቢያ ውሰዱት። እዚያ ሐኪም አለ።»

ተያዩ። ቁልፉ ያለው ሹሙ ዘንድ ነው፤ ሹሙ ደግሞ ደራ ገበያ ሄደዋል።

ስለዚህ የታሰረ እጁን በትከሻዬ አሳልፌ እኔው አዘልኩት። ዘበኞቹ ጠመንጃቸውን ደግነው ተከተሉን። ጣቢያው ስንደርስ ሐኪሙ በጧቱ ባቡር ወደ አዋሽ ሄዷል አሉን።

ከግንቡ ሥር ቁጭ አድርጌ ጀርባዬን አስደገፍኩት። ትንፋሹ እየቀጠነ ሄደ። እጄን ጨበጠኝ። ከዚያ ለቀቀኝ።

አላለቀስኩም። ምንም አልተሰማኝም፤ እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ቁልፉ ከደራ እስኪመጣ አብሬው ተቀመጥኩ። ከሬሳ ጋር የተቆራኘ እስረኛ ለማየት ሰው ተሰበሰበ። ነጠላዬን አለበስኩት፤ ዓይኑን ከደንኩለት፤ ፊቱንም ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ መለስኩት። ከቆሙት መካከል አንድ የወሎ ነጋዴ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አይተው፦

«አንተ ክርስቲያን አይደለህም እንዴ? ቂብላን ማን አሳየህ?» አሉኝ።

ነጠላውን እስከ ፊቱ ሳብኩለት።

አሁን አርጅቻለሁ። ለእንዲህ ያለው ነገር መርፌ ተገኝቷል፤ ቶሎ ከተወጋ ሰውየው ይተርፋል ይሉኛል። ደግ ነው። ለሽማግሌው ግን መልስ ሳልሰጥ ቀርቻለሁ። ቂብላን ያሳየኝ ዘበኛዬ ራሱ ነው። በቀን አምስት ጊዜ በሰገደ ቁጥር የእኔም እጅ አብሮት መሬት ይወርድ ነበር።