አባቴና ጋሽ በቀለ ያርድ ሲቆጥሩ

ባለቤቴ ዮናስ ከትናንት ጀምሮ ስልኩ ላይ ተደፍቶ፣ እሁድ የሚጋጠሙትን የሁለቱን ባላንጣ ቡድኖች ቁጥር ያነብልኛል፤ ማን ስንት ያርድ እንደሮጠ፣ ማን ስንት ኳስ እንዳስጠለፈ። የአሜሪካን ፉትቦል አልወድም ብዬ ብነግረው አይሰማ! እኔ ይህን ቁጥር ጠግቤ ያበቃሁት ገና በልጅነቴ፣ በሰው አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት የሚበላሽበት ቀን በሚበዛው ፎቅ ላይ ስንኖር ነው።

ያኔ አባቴ ከእነዚሁ ቡድኖች አንደኛውን ይደግፋል፤ ጎረቤታችን ጋሽ በቀለ ደግሞ የዚያን ቡድን ደመኛ። ለምን እንደመረጡ ሁለቱም በቅጡ አያውቁም፤ ጨዋታውንም ቢሆን ቴሌቪዥን ላይ በግምት ነው የተማሩት። ግጥሚያው ሲቃረብ ጋሽ በቀለ የስፖርቱን ጋዜጣ ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ከች ይሉና፣ እንግሊዝኛ ትችላለች ተብዬ የቤት ሥራዬን አስጥለው ያስተረጉሙኛል። ኳስ ወርዋሪውን ገና ሳይወረውር መሬት ላይ መጣል «ሳክ» ይባላል፤ እኔ የማውቀው ሳክ ጆንያ ነውና «ጆንያ» ብዬ ተረጎምኩላቸው፤ ለዓመታት «የእኛ ልጅ ስንት ጆንያ አለው?» እያሉ ሲጨቃጨቁ ኖሩ።

«ይኸው፣ በቁጥር ተጽፏል!» ይላሉ ጋሽ በቀለ።

«ጋዜጣህ ሜዳ ገብቶ ይጫወት እንደሆን እናያለን!» ይላል አባቴ። እናቴ ከጓዳ ሆና ታማትባለች።

ይህስ ይሁን። የጋሽ በቀለ ባለቤት እትዬ ሙሉ፣ ባላቸው ስፖንሰር አድርገዋቸው ስንት ዓመት ከጠበቁ በኋላ ከአዲስ አበባ የገቡት በአንዱ ዓመት የግጥሚያ እሁድ ነበር። ጋሽ በቀለ ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው፣ አበባ ታቅፈው መጡ፤ አባቴ ሊነዳ፣ እኔና እናቴ ከኋላ ተቀመጥን። መንገድ ላይ ጋዜጣውን ከኮታቸው ኪስ መዘዝ ሲያደርጉት ክርክሩ ጦፈ፤ አባቴ የኤርፖርቱን መውጫ አለፈው፣ እመለሳለሁ ሲል ደግሞ ተሳስቶ ሌላ ሀይዌይ ውስጥ ገባ።

«ሰው ናችሁ እናንተ? ሴትዮዋ በሰው አገር ብቻዋን ቆማ!» ብላ እናቴ ጮኸች።

ስንደርስ እትዬ ሙሉ በስስ ሹራብ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የተተዉ መስሏቸው አልቅሰው ዓይናቸው ቀልቷል። ጋሽ በቀለ ሮጠው ፊታቸው ተንበረከኩና ለምን እንደዘገዩ ሳይዋሹ ተናገሩ። እትዬ ሙሉ ዓይናቸውን በሹራባቸው እጅጌ ጠረጉ።

«እኔ እዚያ ዓመት ስቆጥር፣ አንተ እዚህ ያርድ ትቆጥራለህ?»

ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው፤ ሳቁ ለቅሶ ሆነ፤ ተቃቀፉ። እናቴ ግን አባቴን ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችውም።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ጋሽ በቀለና እትዬ ሙሉ ስካርቦሮ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ዛሬ የዮናስ ቁጥር ቢያበሳጨኝ ለጋሽ በቀለ ደወልኩና «ጋሼ፣ የእሁዱን ያያሉ?» አልኳቸው።

«ከማን ጋር ልጣላ ብዬ፣ ልጄ? ባለፈው ቡድኔ ሲያሸንፍ ብድግ ብዬ ጨፈርኩ። ዞር ስል የሚናደድልኝ ሰው የለም።»

ያን ጩኸት፣ ምነው በቀረ እያልኩ አደግሁ። ይኸው ቀረ።