እትዬ ያላስቆረጧት ትዕይንት

ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባለው ሰፈር በኖርኩበት ፎቅ፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት አንዲት ነጭ አሮጊት ይኖሩ ነበር። ደቡብ አፍሪካዊት ናቸው፤ በአፍሪካንስ፣ በዚያ አገር ነጭ ገዢዎች ቋንቋ፣ ልብ ወለድና ተውኔት ይጽፋሉ። ይህን የሰማሁ ቀን፣ እውነቱን ልናገርና፣ "ይኸው አፓርታይድ ጎረቤቴ ሆኖ መጣ" ነው ያልኩት። ጊዜው የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። የእኔ አገር መንግሥት ወድቆ የእሳቸው አገር መንግሥት ደግሞ እያጣጣረ ነበር።

አንድ ቀን ሊፍቱ ተበላሽቶ ደረጃ ላይ ተገናኘን፤ ዕቃቸውን ያዝኩላቸው። እየወጣን ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ነርሲንግ ሆም እንደምሠራ፣ አዲስ አበባ ሳለሁ ግን የመድረክ ተዋናይት እንደነበርኩ ነገርኳቸው። "ታዲያ በር ላይ ምን ያቆምሻል?" ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው እንደ ማዕረግ ተቀበሉት።

ታሪካቸውን ሲያወሩ ለራሳቸው አያዝኑም፤ ይናደዳሉ እንጂ። ያደጉት እርሻ ላይ ነው፤ አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ስለ ድርቅና ስለ በግ ስለነበር ሁሉም ወደደው፤ ለጎበዝ ተማሪ ይሸለም ነበር። "በግ እስከጻፍኩ ድረስ የሕዝቤ ልጅ ነበርኩ" ይላሉ። ቀጥለው ግን ተውኔት ጻፉ። ባለታሪኳ ልጇ ፖሊስ የሆነ እናት ናት። ልጁ ምን ሲሠራ እንደሚውል ታውቃለች፤ አትጠይቅም፤ ራቱን ታቀርባለች። አንድ ምሽት "እጅህን ታጠብ" ትለዋለች። "ታጥቤያለሁ" ይላል። "ደግመህ ታጠብ" ትላለች። ትዕይንቷ ይቺው ናት።

እትዬ ሳንሱርን ያውቁታል። የሚቆርጠው ካላገኘ ሥራ የፈታ ይመስለዋል። ስለዚህ ሆን ብለው የሰከረ ቄስ የሚለፈልፍበት ትዕይንት ጨመሩ፤ እሱን ቆርጦ ሌላውን እንዲያሳልፍ። ሳንሱሩ ቄሱን ትቶ እናቲቱን ቆረጠ። እትዬ "ያለ እሷ አይሆንም" አሉ። ተውኔቱ ታገደ፤ ወንድማቸው ሰላምታ ነሷቸው፤ እሳቸውም አገር ለቀው ወጡ። ይህን ስሰማ በሳቅ ፈረስኩ። እኛም በደርግ ጊዜ የምናደርገው ያንኑ ነበር እኮ! ለሳንሱር አጥንት መጣል ነበር የምንለው።

ቶሮንቶ ከገቡ በኋላ ያገኛቸው ሁሉ በእንግሊዝኛ ጻፊ ይላቸዋል። ያንን የጨቋኝ ቋንቋ ምን ያደርግልሻል? ለዚህ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ፖሊስ ሳይናገረው በፊት እናቴ ተናግራዋለች።" እኔም በዚያ ሰሞን ስለ አማርኛ ተመሳሳይ ነገር በየፓርቲው እየሰማሁ አንጀቴ ይቃጠል ነበርና ንግግራቸው ለእኔም ደረሰልኝ። ኋላ አገራቸው ሲለወጥ አንድ ቲያትር ቤት ተውኔቱን እናሳይልዎ ብሎ ጠየቃቸው፤ ለእርቅ ሲባል ግን ያቺ ትዕይንት ብትቀር ይሻላል አለ። "ድሮ የቆረጡት ሕዝቡ ይሸበራል ብለው ነው፤ አሁን ሕዝቡ ደክሞታል አሉ" ብለው ስልኩን ዘጉ። ጤናም አልነበራቸውም። ሙሉውን አንዴ ሳላይ አልሞትም ይሉ ነበር።

"በአማርኛ እንሥራው" አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ፤ ግን አላፈርኩበትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ ቤታቸው ቁጭ እንላለን። እሳቸው አንድ መስመር በአፍሪካንስ ያነባሉ፣ ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ይነግሩኛል፣ እኔ በአማርኛ እላለሁ። አማርኛውን አይሰሙም፤ ርዝመቱን ግን ይቆጣጠራሉ። እኔ ስናገር ሳህን ያጥባሉ። "ሳህኑ አለቀ፣ አንቺ ገና ታወሪያለሽ፤ አሳጥሪው!" እኔ ደግሞ እኛ ዘንድ ልጁ ብቻውን እንደማይታጠብ፣ እናት ቆማ ውሃ እንደምታፈስለት ነገርኳቸው። እጃቸው ላይ ሳሙና እንዳለ ቆመው ቀሩ። "ራሷ ታፈስለታለች? እኔ ነበርኩ ይህን መጻፍ የነበረብኝ" አሉ፤ ቀኑን ሙሉ ተበሳጩ።

ብሉር ጎዳና አካባቢ የእኛ ሰዎች የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ነበር። ኮሚቴው ጽሑፉን አስቀድሞ ማየት ፈለገ። ካናዳ ሳንሱር የለም፤ ልማድ ግን አይለቅምና የሰከረውን ቄስ የእኛ ቄስ አድርጌ፣ ጥምጥሙን እንኳን ሳይቀር አጣምሜ አስገባሁት። በእሱ ተቆጥተው ይውጣላቸው አልኩ። የኮሚቴው ሊቀመንበር አንብበው ጠሩኝ።

"እህቴ፣ ቄሱ በሳቅ ገደለን፤ እሱ ይቀመጥ" አሉኝ። "የማስታጠቡን ነገር ግን ካንስል አድርጊው። የሁሉም ሰው ፋሚሊ እዚህ ነው ያለው። ያሰረም አለ፣ የታሰረም አለ። አሁን ሰላም ነን፤ ምን አስነሣሽ?"

"ጋሼ፣ እሷ ከወጣች ትያትሩ የለም" አልኳቸው።

"እንግዲያው አዳራሹም የለም።"

ቤት ስደርስ እትዬ ፊቴን አይተው "የትኛውን ቆረጡ?" አሉኝ። "እናቲቱን" አልኩ። እያሳላቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመና ጠረጴዛውን መቱት። "ሙሉውን ወይም ምንም!" እኔም ደሜ ፈላ። ባህር ተሻግሬ የመጣሁት ዛሬም "ይህን አትበዪ" ልባል ነው?

የሕንፃችንን ፓርቲ ሩም፣ የነዋሪውን የድግስ ክፍል፣ ያዝን። ለአዳራሹ ሰው ሁሉ በስልክ ነገርኩ፤ የተከለከለ ነገር መሆኑ ሲወራ ቦታው ጠበበ። ሊቀመንበሩ እንኳን መጡ፤ ከኋላ ቆሙ። እትዬ ፊት ወንበር ላይ ናቸው። ከጎናቸው ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት የእኛ እናት ተቀምጠዋል። እኚህ እናት ከወንድ ልጆቻቸው አንዱ የቀበሌ ካድሬ እንደነበረ፣ ሌላው ደግሞ በቀበሌ ተወስዶ በዚያው እንደቀረ የማያውቅ አበሻ ቶሮንቶ ውስጥ አልነበረም። ሲገቡ አየኋቸው። ለአፍታ፣ ምናልባት ሊቀመንበሩ እውነታቸውን ይሆን አልኩ።

ቄሱ ወጣ፤ ሰው ተንከተከተ። ቀጥሎ ልጁ ገበታ ላይ ተቀመጠ። እናቲቱ እኔ ነኝ። ጆጉን አንሥቼ ማስታጠቢያውን ደቀንኩ።

"ታጥቤያለሁ እማዬ።"

"ደግመህ ታጠብ።" ማፍሰስ ጀመርኩ። የውሃው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው።

ከኋላ ሊቀመንበሩ ጮኹ። "በቃ! ይቁም! በእናት ፊት እንዲህ አይደረግም! አታፍሪም?"

እጄ ቆመ። ልጁን የሚጫወተው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ። እትዬ ምን እንደተባለ ባይገባቸውም ድምፁን ያውቁታል፤ ከወንበራቸው ሊነሡ ሲሞክሩ ነጠላ የለበሱት እናት ክንዳቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። ወደ ኋላም አልዞሩም።

"አንተ ዝም በል" አሉ። "እኔ የእኔን ልጅ አላስታጠብኩትም። እሷ ታስታጥበው። አፍስሺ ልጄ።"

ጆጉ ባዶ እስኪሆን አፈሰስኩ።