ከብስክሌት ያልወረድኩ ዕለት

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ተላላኪ ነኝ። ከቢሮ ደብዳቤ ተቀብዬ በብስክሌት ለየቀበሌው አደርሳለሁ። በፊት ማንበብ ስለማልችል የትኛው ደብዳቤ የማን እንደሆነ የምለየው ጸሐፊዋ በምታጥፍልኝ ጠርዝ ነበር። አሁን የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ቀስ እያልኩ አነባለሁ፤ መጻፍ ላይ ግን እጄ ይፈራል። ይህንንም የምጽፈው ስለዚያ ውድድር ሰው ሁሉ የመሰለውን ስለሚያወራ ነው። የሆነውን እንደሆነ ላስቀምጠው ብዬ ነው እንጂ ጸሐፊ ነኝ ብዬ አይደለም።

የሚሊኒየሙ ዓመት ነው፣ ሁለት ሺህ። ጥቅምት ላይ ልጃችን መስከረም ሞተችብን። አንድ ዓመት ከአንድ ወር ነበራት። ሦስት ቀን አተኮሳት፣ በአራተኛው አረፈች። ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ገና ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ እኔ ብስክሌቴን አውጥቼ ደብዳቤ ላደርስ ሄድኩ። ቢሮው ና አላለኝም። ለምን እንደሄድኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ባለቤቴ ደጊቱ ያን ቀን ምንም አልተናገረችኝም። አርባዋ ሲወጣ ግን፣ «ልጅ የሞተችብኝ እኔ ነኝ፤ አንተ ምንም አልሞተብህም» አለችኝና ማንኩሳ አባቷ ቤት ገባች።

ጎረቤቴ አያ ገብረሰንበት ሽማግሌ ሆነው ሊያስታርቁን ተስማምተውልኝ ነበር። ቀኑ ለረቡዕ ተቆረጠ።

«እስከዚያ አንድ ነገር እንዳታበላሽ» አሉኝ።

«ምን አበላሻለሁ?»

«እኔ ምን አውቄ! ዝምታህ ያስፈራኛል።»

ውድድሩ ከዚያ ረቡዕ በፊት ባለው እሁድ ነበር። ስሜን ያስመዘገበው የስፖርት ባለሙያው አቶ ክንዱ ነው። ቢሮ በር ላይ ያዘኝ።

«ነሐሴ ላይ የደብዳቤውን ቦርሳ በራስህ ላይ ተሸክመህ ብር ወንዝን በዋና ስትሻገር አይቼሃለሁ። አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«ብስክሌት እንጀራህ ነው። ሩጫስ?»

«እንጃ። ሮጬ አላውቅም።»

«ሲረፍድብህስ?»

«አይረፍድብኝም።»

ሳቀ። «ዝም ብሎ መሄድ ነው የሚጠይቀው። አንተ ደግሞ ዝም ብሎ መሄድ ታውቅበታለህ።»

ትራያትሎን ይሉታል። የከተማው ሰው ግን ሦስት በአንድ አለው። አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ዋና፣ አርባ ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ አሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ ሳያርፉ። እስከ ሦስተኛ የወጣ ለክልሉ ውድድር ባህር ዳር ይሄዳል ተባለ። እኔ ባህር ዳር አምሮኝ አልነበረም። እሁድን ብቻዬን ቤት መዋል ከብዶኝ ነው ልል ነበር፤ እሱም እውነት አይደለም። የከበደኝ ነገር አልነበረም። እሺ በል ሲሉኝ እሺ አልኩ።

እሁድ ጠዋት ቡሬ አጠገብ ባለው የመስኖ ግድብ ዳር ሃያ ሦስት ሆነን ቆምን። ጥር ነው፤ ከውሃው ላይ ጉም ይነሳል። ቢጫ ጀሪካኖች ውሃው ላይ አስረው ነበር፤ እነሱን ሁለት ጊዜ መዞር ነው። የደከመው ሰው እንዲይዘው ብለው የጭነት መኪና ካላማዳሪያ ነፍተው እዚህም እዚያም ለቀዋል። አጠገቤ የቆመው ባምላኩ የሚባል የስፖርት መምህር ነበር። ደህና ብስክሌት፣ ሄልሜትም ነበረው።

«ወንድሜ፣ በዚህ ቁምጣ ነው የምትዋኘው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ብስክሌቱንስ?»

«በሱ።»

«ሩጫውንም?»

«ሌላ የለኝም።»

«በቃ፣ እኛ ልብስ ስንቀይር ትቀድመናለህ» አለና ሳቀ። መልካም ሰው ነው። እንደሱ እየቀለደ የሚያናግረኝ ሰው ከጠፋ ቆይቶ ነበር።

ፊሽካው ተነፋ፣ ገባን። ውሃው የሚቆርጥ ነበር። መጀመሪያ ጣቶቼ ጠፉ፣ ቀጥሎ ክንዴ፣ ቀጥሎ ደረቴ። ሌሎቹ እየጮኹ ነበር። አንዱ ተማሪ «ኧረ እናቴን!» ብሎ ካላማዳሪያው ላይ ተጠመጠመ። እኔ ብርዱ ሲገባኝ አልጮህኩም። እንዴት ብዬ ልጻፈው፤ ውስጤ ከጥቅምት ጀምሮ እንደዚያ ነበር፤ አሁን ላዬም እንደ ውስጤ ሆነ። ስለዚህ አልከበደኝም። ወንዝ ላይ እንደለመድኩት ጭንቅላቴን ቀና አድርጌ፣ ጀሪካን እያየሁ ዋኘሁ። ስወጣ አቶ ክንዱ «አንደኛ! አንደኛ!» እያለ ይዘላል። ከኋላዬ ያለ ሰው መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። ማንም አልነበረም።

ውሃው እየተንጠባጠበብኝ ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ። የቢሮ ብስክሌት ናት፤ ኋላዋ ላይ የዕቃ መጫኛ አላት፣ ከባድ ናት። መንገዱ በማንኩሳ አድርጎ ፍኖተ ሰላም ይደርስና የጎደለውን በጅጋ በኩል ሄዶ መመለስ ነው። ይሄን መንገድ በየሳምንቱ ስለምመላለስበት እግሬ ያውቀዋል። ብዙም ሳልሄድ ደህና ብስክሌት ያላቸው አንድ በአንድ አለፉኝ። ባምላኩ ሲያልፈኝ «አይዞህ ቁምጣ!» አለኝ። አምስት ሰው አለፈኝ። አልተናደድኩም። ፔዳሉን እረግጣለሁ፣ አስፋልቱ ይሄዳል። እጄ መሪው ላይ መኖሩን የማውቀው ሳየው ብቻ ነው።

ማንኩሳ ስደርስ ባምላኩንና ሌሎች ሁለት ልጆችን ብስክሌታቸውን ይዘው መንገድ ዳር ቆመው አየኋቸው። ካቴና የወለቀባቸው መሰለኝ። የሦስቱም በአንድ ጊዜ እንዴት ይወልቃል ብዬ አላሰብኩም። ከፊቴ አስፋልቱ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ነበር፤ ነጠላ ይሁን ጋቢ እንጃ። ሰው ነው። ከግራ ወደ ቀኝ እየተሻገረ ነው። መሀሉ ላይ ክፍት ቦታ ነበረ። በዚያ ሾልኬ አለፍኩ። አንድ ሰው የሆነ ነገር ጮኸ። ለኔ ነው ብዬ አልሰማሁትም። ከዚያ መንገዱ ባዶ ሆነ፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ ደህና ይሄዳል።

ፍኖተ ሰላም ስገባ ሰው ከግራና ከቀኝ ተሰልፎ ነበር። በጅጋ መንገድ ሄጄ ተመለስኩና ብስክሌቷን ለዳኛው ሰጥቼ ሩጫ ጀመርኩ። እግሬ መሬት መንካቱን በድምፁ ነው የማውቀው። የከተማውን ዋና መንገድ አራት ጊዜ ሄዶ መመለስ ነው። ሰው ስለሚያውቀኝ መሳቂያ ሆንኩለት።

«ፖስታ ቤት! ደብዳቤው ቸኩሎ ነው እንዴ?»

«ማኅተም ሳይመታ ነው የወጣ!»

«ተውት፣ ደርሷል፣ ሦስተኛ ነው እኮ!»

ሦስተኛ መሆኔን ያወቅሁት ያኔ ነው። በሦስተኛው ዙር መታጠፊያው ላይ ባምላኩ በተቃራኒ መጣ። ሲያልፈኝ «ጌታው፣ ሬሳ ነበር እኮ!» አለኝ። አልገባኝም። መድከሙን ሊነግረኝ፣ ሬሳ ሆኛለሁ ሊለኝ መሰለኝ። «አይዞህ» አልኩት። ፊቱን አዞረ።

ጨረስኩ። አቶ ክንዱ አቅፎ አነሳኝ። ሰው አጨበጨበ። ውሃ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ። ደስ ይለኝ እንደሆነ ብዬ ትንሽ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ባምላኩ ገባ፣ አራተኛ። ትንፋሹን ሰብስቦ ወደኔ መጣ።

«ማንኩሳ ላይ ለምን አልወረድክም?»

«ከምን?»

«ከብስክሌቱ ነዋ! ሬሳ እየተሻገረ!»

«የምን ሬሳ?»

ብዙ አየኝ። «አንተ ሰው፣ በቄሶቹና በቃሬዛው መሀል እኮ ነው ያለፍከው። የቄሱ ጥላ ሊመታህ ምንም አልቀረው።»

አቶ ክንዱ ጣልቃ ገባ። «ደንቡ ላይ ቀብር ሲያጋጥም ቁሙ የሚል የለም። ሦስተኛ ማለት ሦስተኛ ነው።»

«ስለ ደንቡ መቼ አወራሁ?» አለ ባምላኩ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እኛ አገር በበቅሎ ያለም በመኪና ያለም ሬሳ ሲያይ ይወርዳል፣ ይቆማል፣ የቻለም ጥቂት ይሸኛል። የማያውቀውም ቢሆን። ይህን የማያውቅ የለም። እኔም ለብዙ ሰው ወርጃለሁ።

ሰኞ ጠዋት አያ ገብረሰንበት ሳይቀመጡ በር ላይ ቆመው አናገሩኝ።

«በማን ላይ እንደሄድክ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ናቸው። የአማትህ የሃይለ ሚካኤል አክስት። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ደግሞ እሱ ራሱ ነበር። አይቶሃል። ደጊቱም ከሴቶቹ ጋር ነበረች።»

በርጩማ አቀረብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«እንግዲህ ረቡዕ አልሄድም። በምን አፌ ልጅህን መልስ ልበለው?»

«እኔ ነገ እሄዳለሁ።»

«አንተ? ምን ልትሆን?»

«ለቅሶ ልደርስ።»

«ይደበድቡሃል።»

«እሺ» አልኩ።

ማክሰኞ የእማሆይ ሣልስት ነው። ብስክሌቷን ይዤ መሄድ አፈርኩ፤ በእግሬ ሄድኩ። ማንኩሳ የለቅሶው ዳስ ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ገባሁ። መልስ የሰጠኝ የለም። ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አያ ሃይለ ሚካኤል ከወዲያ ማዶ አዩኝ።

«ዛሬስ ወረድክ?» አሉኝ።

አንዱ ጎልማሳ፣ «ሜዳሊያውን የት ጣልከው፣ አሳየን እንጂ!» አለ። ሌላው ሳቀ። ዳስ ውስጥ ያለ ሳቅ ደስ አይልም።

«አላየሁም፣ አያ» አልኩ።

«አላየሁም!» አሉ አያ ሃይለ ሚካኤል። «በጠራራ ፀሐይ! በአስፋልት! ይሄ ሁሉ ሰው፣ ይሄ ሁሉ ለቅሶ! ሌሎቹ እነዚያ ልጆች ዓይን አላቸውና ወርደው ቆሙ። አንተ ዕውር ነህ? አክስቴን ውሻ አደረግሃቸው እኮ።»

መሬት መሬት አየሁ። ልነሳ ስል ከሴቶቹ በኩል የደጊቱ ድምፅ መጣ።

«አላየም፣ አባዬ።»

«አንቺ ዝም በይ።»

«ዝም አልልም። እውነቱን ነው፣ አላየም። የልጁንም ቀብር አላየም።» ተነስታ ቆመች። ጥቁር እንደለበሰች ነበረች። «መስከረምን እስከ ቤተ ክርስቲያን የተሸከማት እሱ ነው፣ አባዬ፤ አንቱም ነበሩ። ሰው ልቀበልህ ሲለው እምቢ አለ። ቤት ስንመለስ ግን ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹መስከረም የት ናት?› አለኝ። ከቀብሯ ስንመለስ! እኔ ተቆጥቼ ይመስላችኋል ጥየው የመጣሁ? ፈርቼው ነው የመጣሁ።»

ያን እንዳልኩ አላውቅም ነበር። እሷን መሸከሜንም አላውቅም ነበር። ከመስከረም ቀብር የማስታውሰው የለኝም፤ ብዙ ሰው ቤት ውስጥ እንደነበረ ብቻ ነው። ሁልጊዜ አንድ ጥግ ቆሜ የዋልኩ ይመስለኝ ነበር። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እኔን ማየት ተወ። አንዲት አሮጊት ደረታቸውን መቱ።

«ከፍኖተ ሰላም በእግሩ ነው የመጣ» አሉ አያ ሃይለ ሚካኤል፣ ለማን እንደሆነ ሳይለይ። «እህል አቅምሱት።»

አቀረቡልኝ፣ በላሁ። ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም።

ልወጣ ስል ደጊቱ አጥሩ ድረስ ሸኘችኝ።

«ሽማግሌ አትላክ» አለችኝ። «ቅዳሜ ራስህ ና። ዕቃዬ ይከብዳል፣ ብስክሌቷን ይዘህ ና።»

«ፈርቼሃለሁ አላልሽም?»

«አሁንም እፈራሃለሁ። ብቻህን ስትሆን ደግሞ የባሰ እፈራለሁ።»

ባህር ዳር ባምላኩ ይሂድ ብዬ ለአቶ ክንዱ ነገርኩት። «ሞኝ ነህ» አለኝ፣ ግን ስሜን ሰረዘ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ዕቃዋን ብስክሌቷ ላይ ጭነን፣ እኔ እየገፋሁ፣ እሷ ከጎን እየደገፈች አስፋልቱን ያዝን። አባቷ ደህና ግቡ ብለውናል። ከማንኩሳ ወጣን። ከዚያ፣

«ንገሪኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ቀብሯን።»

ከቤታችን በር ነው የጀመረች። እንደነገረችኝ፣ መስከረምን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ለዲያቆኑ ሊሰጧት ሲሉ እኔ ተቀበልኩ። በግራ ክንዴ ታቀፍኳት። ከሰዉ ሁሉ ቀድሜ በፍጥነት ስለሄድኩ ሴቶቹ ሊደርሱብኝ አልቻሉም። አያ ገብረሰንበት ሁለት ጊዜ ልቀበልህ አሉኝ። ሁለቱንም ጊዜ «አትከብድም» አልኳቸው። ፀሐይ ስለነበረ በጋቢዬ ጫፍ ፊቷን ጋረድኩላት፣ የተሸፈነውን ፊቷን። ጉድጓዱ ላይ ስንደርስ ክንዴን የፈቱት ሦስት ሰዎች ናቸው።

እየሰማሁ ሄድኩ። ያልጠበቅሁት ነገር ይመጣ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልመጣም። የሌላ ሰው ታሪክ ነው የመሰለኝ፤ የሚያሳዝን ሰው ታሪክ። ግራ ክንዴን አየሁት። መሪውን ይዟል።

«አትከብድም ነው ያልኩ?»

«አትከብድም ነው ያልክ።»

«እንደገና ንገሪኝ» አልኳት። ሰው በብስክሌትም በእግርም ያልፈን ነበር፤ ሰላምታ እየሰጠን። ደጊቱ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ዕቃው እንዳይወድቅ ገመዱን ያዝ አደረገችና ከበራችን ጀምራ ደገመችልኝ።