የጋሽ ተሰማ የሽንኩርት ትምህርት

ሰሞኑን ሐርጌሳ፣ ዋሄን ገበያ ውስጥ ሳልፍ፣ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ጫት ሸተተኝና ጋሽ ተሰማ ድቅን አሉብኝ። ጫት ቀምሰው አያውቁም። የእርሻ ትምህርት ቤታቸው ግን መቃሚያ ቤት ነበር።

እዚያው ሐርጌሳ፣ ዳሚ ሰፈር፣ ከእኔና ከእናቴ ጋር በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። ጋሽ ተሰማ ካገራቸው ጦርነት ሸሽተው ሐርጌሳ ሌላ ጦርነት የጠበቃቸው፣ ዕድለ ቢስ የእርሻ አስተማሪ ነበሩ። ቀን ቀን ድንጋይ ይጠርባሉ። በተረፋቸው ጊዜ፣ ከከተማው ዳር ቁራሽ መሬት ያላቸውን ኩሊዎችና ገንዘብ መንዛሪዎች ለማስተማር ይለፋሉ። ዓርብ ጠዋት ቢጠሯቸው አንድም ሰው አልመጣም። ከሥራ በኋላ ቢሏቸው ደክሞናል አሉ። ሁሉም አንድ ላይ የሚቀመጡት ከሰዓት በኋላ መቃሚያ ቤት መሆኑን ሲያዩ ትምህርቱን እዚያው ይዘውላቸው ሄዱ።

ተማሪዎቹ አያድርስ ነበሩ። ምርቃናው ሲመጣ ደረቁን ወንዝ ገድበው ሽንኩርት በመርከብ ወደ ዓረብ አገር ይጭናሉ። በማግስቱ መደብ የቆፈረ የለም።

ትምህርቱ የገባት ሻይ የምትቀዳላቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ "ኤዶ"፣ አክስቴ፣ የሚላት ኤዶ ሐዋ ነበረች፤ ድሬዳዋ ያደገች፣ ባሏ የሞተባት ሴት። ከሐርጌሳ ወጣ ብሎ ገቢሌ ያለውን የሟቹን መሬት ወንድሙ "ሻይ ሻጭ ስለ እርሻ ምን ታውቃለች" ብሎ ይዞባታል። ለዝናቡ ችግኝ አፍልታ ከመጣች ሊለቅላት ሽማግሌ ፊት ምሏል። ጋሽ ተሰማም ከምድጃዋ ሳትርቅ እንድትማር ብለው፣ ሽንኩርቱን በእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ አስዘሯት። ውሃው እስኪፈላ ትኮተኩታለች።

ችግኙ ስንዝር ሲሞላ ከተማው ውስጥ ተኩስ ተነሣ። ሰፈርተኛው ለመሸሽ ፍራሹን አይሱዙ ላይ ሲጭን፣ ኤዶ ሐዋ ቆርቆሮዎቿን ደረደረች። ሹፌሩ ቦታ የለም፣ ወይ ጋሽ ተሰማ ይውረዱ ወይ ሽንኩርቱ ብሎ ድርቅ አለ። ጋሽ ተሰማ ሊወርዱ ሲነሡ፣ እናቴ ነፍስዎ አይበልጥም ወይ ብላ ተቆጣቻቸው።

"እኔ እግር አለኝ፤ እሱ የለውም" አሉና ወረዱ።

ሳቄም ልቅሶዬም እኩል መጣ። ኤዶ ሐዋ ቆርቆሮ አቅፋ እስከ ገቢሌ ድረስ ሹፌሩን ስትራገም ሄደች።

ከቀናት በኋላ ጋሽ ተሰማ በተበጣጠሰ ጫማ ገቢሌ ከተፍ አሉ። እኛ ችግኙን ተክለን ጨርሰናል፤ የሟቹ ወንድም ግን መሬቱን ገና አልለቀቀም። እናቴ እያለቀሰች አንገታቸው ላይ ስትጠመጠም፣ በትከሻዋ አሻግረው መደቡን አዩ።

"አጠጋግታችሁታል" አሉ።

ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ተንበርክከው፣ አራርቀው ሊተክሉት ይነቅሉ ጀመር። የሟቹ ወንድም ትንሽ ቆሞ አያቸውና እሱም አጠገባቸው ተንበረከከ። ማታ መሬቱን ለኤዶ ሐዋ ለቀቀላት።

ጋሽ ተሰማ ካረፉ ቆየ። በኤዶ ሐዋ መሬት ላይ ሽንኩርት ዛሬም ተራርቆ ይተከላል።