ከዱባይ መንገድ የተጠራቀመ ዑምራ

በሸዋ ሮቢት ባጃጅ መብዛት በጀመረበት ዘመን የመለዋወጫ ሱቅ ከፈትኩ። መጀመሪያ ዕቃ የማመጣው ከመርካቶ ነበር። በኋላ ሁለት ጓደኞቼ ዱባይ ደርሰው ሲመለሱ አይቼ እኔም ልብ አገኘሁና ፓስፖርት አወጣሁ። በዓመት አራት አምስት ጊዜ መመላለስ ያዝኩ።

በሦስተኛው ጉዞዬ ይመስለኛል፣ አዲስ አበባ ትኬት የምትቆርጥልኝ ልጅ አንድ ቅጽ አቀረበችልኝ።

«ይሄን ይሙሉ። በበረሩ ቁጥር ማይል ይጠራቀምልዎታል። ሲበቃ ነጻ ትኬት ያገኛሉ» አለችኝ።

«ስንት ይከፈልበታል?»

«ምንም።»

«ኋላስ?»

«ኋላም ምንም።»

ነጋዴ ነኝና በነጻ የሚባል ነገር ሲቀርብልኝ አላምንም። ቢሆንም ሞላሁት። ከሳምንታት በኋላ ስሜና ቁጥሬ የተጻፈበት ካርድ ሰጠችኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ረሳሁት።

ነገሩን ያስረዳኝ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ክፍል የምንጋራው የአጣዬ ጨርቅ ነጋዴ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ በመንገዱም ቀድሞኛል። ካርዱን ሳሳየው ሳቀብኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ስታስመዝን ቁጥሩን ሁልጊዜ ንገራቸው፤ ዛሬ በዚህኛው ነገ በዚያኛው አየር መንገድ አትበታተን አለኝ። ደግሞም ማይሉ በሦስት ዓመት እንደሚቃጠል አትርሳ አለኝ።

«ማይል እንደ ቲማቲም ነው» አለኝ። «በጊዜው ካላነሳኸው ይበሰብስብሃል።»

እኛ አገር ቲማቲም ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ ምክሩ ገባኝ። በዚያው ቀን ማይሉን ለምን እንደማውለው ወሰንኩ።

እናቴ የጀውሃ አካባቢ ሰው ናት። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ነበር። ሐጅ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር አውቶቡስ ድረስ ትሸኘዋለች፤ «በዱዓህ አትርሳኝ» ትለዋለች፤ ከዚያ ወደ ቤት ገብታ ሥራዋን ትቀጥላለች። እኔንም ውሰደኝ ብላኝ አታውቅም። እኔ ግን ሽኝት የሄደች ቀን ድምፅዋ ዝቅ እንደሚል አውቅ ነበር። ማይሉ የእሷን ትኬት ይችላል፤ የራሴን እከፍልና የሚያጅባት የቅርብ ዘመድ፣ መህረሟ ሆኜ፣ ሐጅ ባይሆን እንኳ በማንኛውም ወር የሚደረገውን ዑምራ አደርሳታለሁ አልኩ። ለማንም አልተነፈስኩም።

ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አዲስ አበባ ወዳለው ቢሮ ሄድኩ። በልቤ ቆጥሬ ሞልቷል ብያለሁ። ልጅቷ ኮምፒዩተሯን አየች፤ ደግማ አየች።

«ይጎድላል» አለች። «የዘንድሮዎቹ ሦስት ጉዞዎች አልገቡም።»

ለካ ፓስፖርቴን ሳሳድስ የአባቴ ስም በእንግሊዝኛ አንዲት ፊደል ተለውጦ ተጽፏል። ካርዱ ላይ ያለው ስምና ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም ስላልገጠሙ፣ ማይሉ የእኔ ሳይሆን ቀርቷል።

«ቦርዲንግ ፓሶቹን ካመጡልኝ አስገባልዎታለሁ። ግን ይፍጠኑ፤ ከድሮው ማይል ግማሹ በወሩ መጨረሻ ይቃጠላል።»

ቦርዲንግ ፓስ ማን ያስቀምጣል? ከአውሮፕላን ከወረድኩ በኋላ ለምን እንደሚጠቅም አስቤም አላውቅም። እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ አኩርፌ ተጓዝኩ።

ራት ላይ የጠፋውን የቦርዲንግ ፓስ ነገር ብቻ ለባለቤቴ ስነግራት፣ እናቴ ከወዲያ ሆና ትሰማ ነበር።

«ምን ዓይነት ወረቀት ነው?» አለችኝ።

«ጠንከር ያለ፣ ረዘም ያለ። አውሮፕላን ሲገባ ግማሹን ቀደው ግማሹን ለተሳፋሪው የሚመልሱት።»

ተነስታ ጓዳ ገባች። በአሮጌ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣችና ምንጣፉ ላይ ፈታችው። ሁሉም አሉ። የመጀመሪያው ጉዞዬ ጭምር።

«እማ፣ ከየት አመጣሻቸው?»

«ኮትህን ሳጥብ ከኪስህ።»

«ምን ይሆናሉ ብለሽ?»

«በሰማይ ሄደህ በሰላም የገባህበት ወረቀት አይደል? ይጣላል እንዴ?»

ማንበብ አትችልም፤ ግን እያንዳንዱን እንደመጣበት ቅደም ተከተል ደርድራዋለች። ያን ጊዜ ሚስጥሬን መያዝ አልቻልኩም፤ ነገርኳት። ባለቤቴ አለቀሰች፤ እናቴ ግን ወረቀቶቹን መልሳ በሻሹ ጠቀለለቻቸውና ሰጠችኝ።

«በል፣ በማለዳ ሂድ» አለችኝ። «እንዳይቃጠል።»

በማግስቱ ሄድኩ። ስሜ ተስተካከለ፤ የሦስቱ ጉዞዎች ማይል ገባ። የዑምራ ምንዳ በሚበልጥበት በረመዳን ግን በማይል የሚያዝ ቦታ አልተገኘም፤ ከዒድ በኋላ ብቻ ነበር ያለው። ቅር ይላታል ብዬ ፈርቼ ስልክ ደወልኩላት።

«ከዒድ በኋላ ከዕባ ይዘጋል?» አለችኝ።

«አይዘጋም።»

«እንግዲያው ምን ቸገረን።»

አውሮፕላኑ ሲነሳ እጄን ትይዛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን መቁጠሪያዋን ይዛ በመስኮት ታያለች። ወደ አዲስ አበባ ስንወጣ የጣርማ በር ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ሁሌም ያስመልሳታል፤ ከአዲስ አበባ ጅዳ ግን ምንም አልሆነችም። «ይሄ እኮ ከአውቶቡስ ይሻላል፤ መንገዱ ደልዳላ ነው» አለችኝ። አስተናጋጇ ምግብ ስታመጣ ደግሞ «እሷስ በልታለች?» ብላ እንድጠይቅላት አደረገች።

መካ ውስጥ የደከምኩት እኔ ነኝ። እሷ ለሰው ሁሉ ዱዓ ልታደርግ አደራ ተቀብላ ነበርና የሰፈሩን ስም በቃሏ አንድ በአንድ ትጠራለች። ከአደራዎቹ አንዱ የክርስቲያኗ ጎረቤታችን ነበር። ዳቦ ቤት አላት፤ የበኩር ልጇ አላገባ ብሎ አስቸግሯታል። እናቴ ለእሱ ብቻ ረጅም ጊዜ እጇን ዘርግታ ቆመች።

«ምነው ለእኔ እንዲህ አልቆምሽ?» አልኳት።

«አንተማ አግብተሃል» አለችኝ።

ስንመለስ ጎረቤታችን በር ላይ ጠበቀችን። እናቴ ቴምር ሰጠቻትና «ነግሬልሻለሁ፤ ከእንግዲህ አንቺ ደግሞ ልጁን አትጨቅጭቂው» አለቻት። ልጁ በዓመቱ ጥር ላይ ከአንዲት የሮቢት አስተማሪ ጋር ተጋባ። በሠርጉ ለእስላም እንግዶች ለብቻው ታርዶ ነበር፤ እናቴም እስኪመሽ ተቀምጣ በላች፣ አጨበጨበች።