ሁለቱ ጥቁር ኮካቱዎችና የጋሼ ለማ እንቆቅልሽ

ልጅ ሳለሁ ከሜልበርን ዳር፣ ሜልተን በተከራየናት ቤት ተረት የሚነገረን ከጋዝ ሄተሩ ፊት ነበር። ጭስ የለ፣ ፍም የለ፤ የጋለ ብረትና የተቃጠለ አቧራ ሽታ ብቻ። ተራቹ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ለማ ነበሩ፤ አገር ቤት የደን ጠባቂ የነበሩ፣ ያኔ ግን ከእኛ ጋር ተጠግተው የመኖሪያ ፈቃድ ደብዳቤ የሚጠብቁ። የፖስታ ሳጥኑን በቀን አምስት ጊዜ ይከፍቱታል። መቁነጥነጣቸው ወደ እኔም ተጋብቶ አንድ ገጽ እንኳ ሳልነሳ ማንበብ ያቅተኝ ነበር።

አራተኛ ክፍል እያለሁ አስተማሪዬ ለመጥፋት የተቃረቡ ሁለት ጥቁር ኮካቱዎችን አወዳድሪ አለችኝ። ኮካቱ አናቱ ላይ ጉትዬ ያለው ትልቅ በቀቀን ነው። የሁለቱም ጅራት ቀይ አለበት፤ ሁለቱም የሚፈለፍሉት ባረጀ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ትልቁና ጯሂው የባሕር ዛፍም የሽውሽዌ ዛፍ ዘመዶችም ፍሬ ይበላል፤ ትንሹና ዝምተኛው ግን ከሽውሽዌ ሌላ እምብዛም አይቀምስም። እንግዲያው ቀድሞ የሚጠፋው መራጩ ነው ብዬ ጻፍኩና አንድ ምሽት ለጋሼ ለማ አነበብኩላቸው።

«እንቆቅልሽ» አሉኝ።

«ምን አውቅልዎት?»

«ሁለት እህትማማቾች፤ አንዷ ሁለት ቤት ትበላለች፣ አንዷ አንድ ቤት ብቻ። ማን ቀድማ ትሞታለች?»

«አንድ ቤት የምትበላዋ። ኢዚ ነው ጋሼ!»

«አላወቅሽም። ያ የሚፈለፍሉበት ሽማግሌ ዛፍ ከተቆረጠ የጠገበችውም የራባትም ሜዳ ላይ ናቸው። ራስሽ አነበብሽልኝ እኮ! በይ፣ አገር ስጪኝ።»

እንቆቅልሽ ያልፈታ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተሰጠው አገር እየነገሠ ተሸናፊውን ይሰድባል፤ ደንቡ ነው። ጎንደርንም ሐረርንም ቀደም ብዬ አስረክቤ ነበር። የቀረኝ አንድ ነው።

«ሜልበርንን ይውሰዱ» አልኩ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ተነስተው እየተንጎራደዱ ስድቡን ያዘንቡብኝ ነበር። ያን ምሽት ግን እጃቸውን ወደ ሄተሩ እንደዘረጉ ቀሩ። እናቴ ዓይኗ ቀልቶ ከወጥ ቤት ብቅ አለችና «በይ ይበቃል፣ ወደ አልጋሽ» አለችኝ። የእምቢታው ደብዳቤ የዚያኑ ዕለት መድረሱን የሰማሁት ከቀናት በኋላ ነው።

«እሱን እንኳ ተይው» አሉ ጋሼ ለማ። «ሌላ ስጪኝ።»

ሌላ አልነበረኝም። ብርዱ ሳያልፍ አየር ማረፊያ ሸኘናቸው። ያኔ ምን እንደጠየቁኝ አልገባኝም፤ ሲገባኝ ደግሞ በጣም አፈርኩ፣ በጣምም አዘንኩ።

ዛሬ ልጆቼ እንቆቅልሽ ሲያሸንፉኝ «ማሚ፣ ካንትሪ ስጪን!» እያሉ ይጮኻሉ። ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን አፌ ቶሎ አይታዘዘኝም፤ የሚጠይቀኝ ሰው የምር ቸግሮት ቢሆንስ እላለሁ።